በዐቢይ ጾም ቀለምም ጸሎት ነው

በአማርኛችን ቀለም ማለት አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ቀይ፣ ጥቁር፣ ብጫ፣ አረንጓዴ ስንል ቀለም ነው። በብርዕ እየተጠቀሰ የሚጻፍበትም ቀለም ነው። የተማረውን ሰው «ቀለም የቀመሰ ነው» እንለዋለን። ትምህርት ቶሎ የሚገባውን ልጅ ደግሞ «ቀለም ይዘልቀዋል» እንላለን። እናንተም ፊደል ቆጥራችሁ ይህን ገጽ ማንበብ ስትጀምሩ ቀለም ቀምሳችኋል ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለ ቀለምና ስለ ጸሎት ነው። ጸሎት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በአፍ የሚደገመውን ቃል ነው። ግን ሰው በአፉ ብቻ አይጸልይም። ሲሰግድ በጉልበቱና በግንባሩ ይጸልያል። ሲጾም በሆዱ ይጸልያል። ሲመጸውት በእጁ ይጸልያል። ታዲያ በዓይን የሚጸለይ ጸሎት የለም ወይ? አለ። በዓይን የሚጸለየው በቀለም ነው። ይህ ደግሞ ከሌላው ጊዜ ይልቅ በዐቢይ ጾም ጎልቶ ይታያል።

የጾሙ ቀለሞች

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበላም። ጾሙ ግን የምግብ ብቻ አይደለም። ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ። ካህናቱ የሚዘምሩት በመቋሚያ ነው። እንግዲህ ጆሮም ከሆድ ጋር ይጾማል ማለት ነው። ዓይንም የራሱ ጾምና የራሱ ፍስክ አለው።

ይህን ለማየት የመጨረሻዎቹን ቀናት ልብ ብሎ መከታተል ነው።

የጾሙ ስምንተኛ እሑድ ሆሣዕና ነው። በዚያን ዕለት ዘንባባ ይታደላል። ሰው ሁሉ ዘንባባውን በግንባሩ ያስራል፤ ልጆች በመስቀልና በቀለበት መልክ ይጎነጉኑታል። ቤተ ክርስቲያኑ በአረንጓዴ ይሞላል። ጌታ ኢየሩሳሌም ሲገባ ሕዝቡ ቅጠል ይዞ መቀበሉ የሚታሰብበት ቀን ነው።

በማግሥቱ ሰኞ ሰሙነ ሕማማት ይገባል። አሁን ቀለሙ ይገለበጣል። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት መጋረጃው ጥቁር ይሆናል። ካህናቱም ጥቁር ይለብሳሉ። ግብረ ሕማማት የሚባለው መጽሐፍ በየሰዓቱ ይነበባል፤ ሕዝቡም ይሰግዳል። ዓርብ የስቅለት ዕለት ስግደቱ ቀኑን ሙሉ ነው። በአገራችን ዘመድ የሞተበት ሰው ጥቁር እንደሚለብስ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ግዕዝ የማይሰማ፣ ፊደልም የማያውቅ ሽማግሌ መጋረጃውን አይቶ «ዛሬ ለቅሶ ነው» ይላል። ማንም ሳይነግረው ገብቶታል።

ቅዳሜ ደግሞ ቀለሙ እንደገና ይለወጣል። ይህ ቅዳሜ ቀዳም ሥዑር ይባላል። ሕዝቡ «ለምለም ቅዳሜ» ብሎም ይጠራዋል። ካህናቱ ቃጭል እያቃጨሉ ለምለም ቄጤማ ያድላሉ። ምእመናን ቄጤማውን በራሳቸው ላይ ያስራሉ። ምክንያቱ ምንድን ነው? በኖኅ ዘመን የጥፋት ውሃ መጉደሉ የታወቀው ርግብ የወይራ ቅጠል ይዛ በመምጣቷ ነው። አረንጓዴው ቄጤማም «መከራው አለፈ» የሚል የምሥራች ነው። ትላንት ጥቁር ያየ ዓይን ዛሬ ለምለም ያያል።

በሌሊቱ ትንሣኤ ይሆናል። ጧፍ ይበራል። ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ከጨለማ ወደ ብርሃን ይወጣል።

እንግዲህ አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ እንደገና አረንጓዴ፣ ከዚያም ነጭ። ይህ አንድ ታሪክ ነው። ደስታን፣ ሐዘንን፣ ተስፋንና ትንሣኤን በአንድ ሳምንት ውስጥ ለዓይን ይተርካል። ማንበብ ለማይችል ሰው የተጻፈ ጸሎት ነው ማለት ይቻላል።

ቀዩና ጥቁሩ ብርዕ

በጾም ወራት ብዙ ሰው ዳዊት ይደግማል። በእጅ የተጻፈ የብራና ዳዊት አይታችሁ ከሆነ በውስጡ ሁለት ቀለም እንዳለ አስተውላችኋል። አብዛኛው ጽሑፍ ጥቁር ነው። እዚህም እዚያም ግን ቀይ ይታያል። ቀዩ ለጌጥ ብቻ የገባ አይደለም። የእግዚአብሔር ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስምና የምዕራፍ መጀመሪያ በቀይ ይጻፋሉ።

ጸሐፊው ሁለት ብርዕ ይይዛል። ቀለሙ በሁለት ቀንድ ይቀመጣል፤ ቀንዶቹ እንዳይወድቁ መሬት ላይ ይተከላሉ። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ ነው። ጸሐፊው በጥቁሩ ይጽፍ ይጽፍና ቅዱስ ስም ላይ ሲደርስ ብርዑን ያስቀምጣል። ሌላውን ያነሣል። ስሙን በቀይ ይጽፋል። ከዚያ ተመልሶ ጥቁሩን ይይዛል። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ይህን ስንት ጊዜ እንደሚያደርግ ገምቱ! እጁ ሊቸኩል ቢፈልግ እንኳ ያ ስም አያስቸኩለውም። አንባቢውም እንዲሁ ነው። ዓይኑ ቀዩ ላይ ሲያርፍ «እዚህ ላይ ቆም በል፤ ማንን እንደምትጠራ አስብ» ይባላል። ቀለሙ ጸሎት የሚሆነው በዚህ ነው።

አንዳንድ ጸሐፊ ደግሞ በጸሎቱ መካከል የባለ መጽሐፉ ስም የሚገባበትን ቦታ ክፍት ይተዋል። ስሙ በኋላ ይጻፍበታል። መጽሐፉ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ስም የገባበት ብራናም አለ።

ጥቁሩ ቀለም እንዴት ይሠራል? አሠራሩ እንደ አገሩና እንደ ባለሙያው ይለያያል፤ በጠቅላላው ግን እንዲህ ነው። ከድስትና ከምጣድ ሥር ጥላሸት ይፋቃል። ገብስ ወይም ስንዴ እስኪከስል ድረስ ይቆላል። ልዩ ልዩ ቅጠል ይጨመራል። ሁሉም ተወቅጦና ተደባልቆ በውሃ ይዘፈዘፋል። በየጊዜው እየተማሰለ ለብዙ ወራት ይቆያል። ሲበስል ይደርቅና ጥፍጥፍ ይሆናል። ለመጻፍ ሲፈለግ ከጥፍጥፉ ትንሽ ተቆርሶ በውሃ ይበጠበጣል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደተባለው፣ የቸኮለ ሰው ጥሩ ቀለም አይወጣለትም።

ይህ ልፋት ዋጋ አለው። ጥላሸት ብርሃን አያደበዝዘውም። ብዙ ዓይነት የፋብሪካ ቀለም ፀሐይ ሲያገኘው ይነጣል፤ በጥላሸት የተጻፈው ግን ብዙ መቶ ዓመት አልፎት ጥቁር እንደሆነ ይኖራል።

ብራናውም እንዲሁ በልፋት የሚገኝ ነው። ብዙ ጊዜ የፍየል ቆዳ ነው። ቆዳው ውሃ ውስጥ ይነከራል። በእንጨት ጠርዝ ላይ በገመድ ይወጠራል። ሥጋውና ጠጉሩ ይፋቃል። ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ተቆርጦና ተሰምሮ ለጽሑፍ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ድካም አለበት። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ያለ አንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ ፍየሎች ቆዳና የብዙ ወራት ሥራ ነው።

ሥዕልን ማንበብ

አሁን ከመጽሐፉ ወደ ሥዕሉ እንሂድ።

በክብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። ሥዕሉ ብዙ ጊዜ የሚሣለው በጭቃው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ነው። ድሮ ሠዓሊው ቀለሙን ከቀይና ከብጫ አፈር፣ ከተፈጨ ድንጋይና ከዕፀዋት ያዘጋጅ ነበር። ቀለሙ እንዲይዝለት ከቆዳ የተቀቀለ ሙጫ ይቀላቅልበታል። እንደ ሰማያዊ ያለው ቀለም ግን ብዙ ጊዜ በነጋዴ እጅ ከሩቅ አገር ይመጣ ስለነበር ውድ ነበር። ሠዓሊው ሥራውን በጾምና በጸሎት እንዲጀምር የቤተ ክርስቲያን ልማድ ያዘዋል። የሚሥለው ለገበያ ሳይሆን ሰዎች ፊቱ ቆመው እንዲጸልዩበት ነውና።

ከቀድሞዎቹ ሠዓሊዎች ስማቸው ለእኛ የደረሰ ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረው መነኩሴ ፍሬ ጽዮን ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ነግሠዋል። ፍሬ ጽዮን የሣለው ትልቅ የእመቤታችን ሥዕል በጣና ሐይቅ ላይ ባለው በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። ከእርሱ በቀር ያሉት አብዛኞቹ ስማቸውን ሳይጽፉ ሣሉ፤ ሳይታወቁም አለፉ።

በጾሙ ወቅት ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ የስቅለቱን ሥዕል ፈልጉና ፊቱ ቁሙ። ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ እንደ ጽሑፍ አንብቡት።

መጀመሪያ ከላይ ያለውን እዩ። ብዙ ጊዜ በመስቀሉ ግራና ቀኝ ፀሐይና ጨረቃ ተሥለው ታያላችሁ። ፀሐይዋ ጠቁራለች፤ ጨረቃዋ ደም ለብሳለች። በስቅለት ዕለት ጨለማ ሆነ የሚለው ታሪክ በሁለት ቀለም ተነገረ ማለት ነው።

ቀጥሎ ወደ ታች ተመልከቱ። ከመስቀሉ ሥር የራስ ቅል አለ። የአዳም ራስ ቅል ነው ይባላል። ከላይ የሚፈሰው ቀይ ደም ወደዚያ ይወርዳል። በአንዳንድ ሥዕል መላእክት ደሙን በጽዋ ሲቀበሉ ይታያሉ።

ከዚያ ወደ ሰዎቹ ፊት ዙሩ። ዓይናቸውን ቁጠሩ። የቅዱሳን ፊት ወደ እናንተ የዞረ ነው፤ ሁለት ዓይናቸው ይታያል። የክፉዎቹ ፊት ግን ብዙ ጊዜ በጎን የተሣለ ነው፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ይህን ሕግ ያወቀ ሰው የማያውቀውን ሥዕል እንኳ ቢያይ ማን ጻድቅ፣ ማን ኃጥእ እንደሆነ ይለያል።

አሁን ፊደል ስላወቃችሁ ሌላም ነገር ታያላችሁ። በሥዕሉ ጎን ወይም ከሥሩ አጭር ጽሑፍ አለ። በዘመናት ውስጥ ያን ጽሑፍ ማንበብ የሚችሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ ሌላው ሕዝብ የሚያነበው ቀለሙን ብቻ ነበር። እናንተ ሁለቱንም ማንበብ ትችላላችሁ። ማንበብ ስለቻልን ሥዕሉን «ላልተማረ ሰው ነው» ብለን ብንንቀው ግን አንድ ቀለም አግኝተን ሌላውን ጣልን ማለት ነው።

በሌላም አገር

በጾም ወቅት በቀለም መጸለይ የእኛ አገር ልማድ ብቻ አይደለም። ሌሎች ክርስቲያኖችም በየራሳቸው መንገድ ያደርጉታል። ለምሳሌ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የጾሙ ቀለም ወይን ጠጅ ነው። የካህናቱ ልብስ በእነዚያ ሳምንታት ወይን ጠጅ ይሆናል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በጓቴማላ የሚደረገው ነው። ጓቴማላ በመካከለኛው አሜሪካ የምትገኝ፣ በቆሎና ቡና የሚመረትባት አገር ናት። እዚያ አንቲጓ የምትባል አሮጌ ከተማ አለች። በጾሙ ወራትና በሕማማት ሳምንት ሕዝቡ የክርስቶስን ምስል በትልቅ የእንጨት ወሳንሳ ተሸክሞ በከተማው ይዞራል። ተሸካሚዎቹ እስከ ስቅለት ዓርብ ወይን ጠጅ ይለብሳሉ። ጌታ ሞተ ከሚባልበት ሰዓት በኋላ ግን ጥቁር ይለብሳሉ።

ምስሉ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ቤተሰብና ጎረቤት ተሰብስቦ ምንጣፍ ይሠራል። ምንጣፉ ከሱፍ ወይም ከጥጥ አይደለም፤ ከሰጋቱራ ነው። ሰጋቱራው ቀይ፣ ብጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ ተደርጎ ይነከራል። መጀመሪያ የድንጋዩ መንገድ እኩል እንዲሆን አሸዋ ወይም ያልተነከረ ሰጋቱራ ይነሰነሳል። በላዩ ላይ የተበሳ እንጨት ወይም ካርቶን ይቀመጥና ቀለሙ በቀዳዳው ይነፋል። በዚህ መንገድ አበባ፣ ወፍና መስቀል ይወጣል። ንፋስ እንዳይበትነው ውሃ ይርከፈከፍበታል። ሥራው ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል። አንዱ ስለ ዳነ ልጁ ምስጋና ይሠራል። ሌላው ስለ ሞተ ወላጁ መታሰቢያ ይሠራል።

ከዚያስ? ምስሉን የተሸከሙት ሰዎች ይመጡና በላዩ ይረግጣሉ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያ ሁሉ ውበት ይፈርሳል። ከኋላ ጠራጊዎች በአካፋና በመጥረጊያ ያነሡታል። የሠሩት ሰዎች ግን አያዝኑም፤ የሠሩት እንዲረገጥ ነውና። ስጦታው ቀለሙ ብቻ አልነበረም፤ የሌሊቱ ድካምም ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በኅዳር ወር፣ የጓቴማላ የሕማማት ሳምንት ሥርዓት በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

የእነርሱና የእኛ ልማድ በአንድ ነገር ይለያያል። የእነርሱ ቀለም በዚያው ቀን ይጠፋል፤ የእኛ ብራናና ሥዕል ግን ለልጅ ልጅ እንዲቆይ የተሠራ ነው። በአንድ ነገር ደግሞ ይገናኛሉ። በሁለቱም ዘንድ ጸሎቱ የሚጀምረው ሥራው ሲያልቅ አይደለም። ሰጋቱራ ሲነከር፣ ጥላሸት ሲፋቅ፣ ብርዕ ሲለወጥ ጸሎቱ ተጀምሯል።

የሄደው ሥዕል

ለመቆየት የተሠራ ነገር የሚቆየው ጠባቂ ሲኖረው ነው። በአድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም እጅግ ጥንታዊ የሆኑ ባለ ሥዕል የብራና ወንጌሎች ይገኛሉ። ተመራማሪዎች ብራናውን መርምረው በ4ኛውና በ7ኛው መቶ ዓመት መካከል እንደተሠራ ገምተዋል። በዓለም ላይ በሥዕል ካጌጡት የወንጌል መጻሕፍት እጅግ ከቀደሙት ውስጥ ይቆጠራሉ። ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቋቸው መነኮሳት ናቸው።

ያልተጠበቀው ደግሞ ሄዷል። ኵርዓተ ርእሱ የሚባለውን ሥዕል ታሪክ ስሙ። ይህ ሥዕል ጌታን የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚያሳይ የሕማማት ሥዕል ነው። በአውሮፓ ሠዓሊ እጅ እንደተሠራ ይገመታል፤ ግን ለብዙ ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት ሥዕል ሆኖ ኖረ። ጎንደር ላይ መሐላ የሚማማሉት በእርሱ ፊት ነበር። ንጉሡ ሲዘምቱም ሥዕሉ አብሮ ይዘምት ነበር። በ1736 ዓ.ም. ዳግማዊ ኢያሱ ከስናር ጋር ሲዋጉ ተማረከ፤ በኋላ ግን ወርቅ ተከፍሎበት ተመለሰ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲገባ፣ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን በገደሉበት ቀን፣ ሥዕሉ ተወሰደ። የወሰደው ለእንግሊዝ ሙዚየም ቅርስ እንዲሰበስብ ከጦሩ ጋር የመጣ ሰው ነበር። ለሙዚየሙ ግን አልሰጠም፤ ለራሱ ያዘው። ከእርሱ ሞት በኋላ ሥዕሉ በጨረታ ተሸጠ። ከዚያም ወደ ፖርቱጋል በግለሰብ እጅ ገባ። ከመቅደላ በዚያው ዘመን በመቶ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍትም ተወስደዋል።

እርሱን በማየት የተሣሉ ሌሎች ሥዕሎች ግን በአገራችን በብዙ ቦታ አሉ። በሕማማት የእሾህ አክሊል ያለበትን ሥዕል ስታዩ ይህን ታሪክ አስታውሱ።

እኛስ ምን እናድርግ?

ቅርስ የሚጠፋው በጦር ብቻ አይደለም። ጣሪያ ሲያፈስ ይጠፋል። ምስጥ ሲገባ ይጠፋል። ጧፍ በጣም ተጠግቶ ሲበራ በጢስ ይጠቁራል፤ እሳትም ሊነሣ ይችላል። እጅ ሲበዛበት ይላላል። ስለዚህ፦

1. ከክረምቱ በፊት የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ይታይ። የሚያፈስ ካለ በደቦ ይጠገን።

2. ጧፍ ከሥዕሉ ራቅ ብሎ ይብራ።

3. ሥዕል በእርጥብ ጨርቅ አይታጠብ። የድሮው ቀለም የተያዘው በሙጫ ስለሆነ ውሃ ያስለቅቀዋል።

4. «ደብዝዟል» ተብሎ በሱቅ ቀለም አይቀባ። በአዲስ ቀለም የተሸፈነ አሮጌ ሥዕል እንደ ጠፋ ይቆጠራል። ባለሙያ እንዲያየው ለወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት ይነገር።

5. የብራና መጽሐፍና ሥዕል ለመንገደኛ አይሸጥ። ያለ ፈቃድ ቅርስን ከአገር ማውጣት በ1992 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 209 የተከለከለ ነው።

6. ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን መጽሐፍና ሥዕል ከካህናቱ ጋር ሆኖ በመዝገብ ይጻፍ። ያልተመዘገበ ነገር ቢጠፋ «ነበረ» ብሎ ማስረዳት ያስቸግራል።

ይህ የመጨረሻው ሥራ የእናንተ ነው። ያ ስሙን ሳይጽፍ ያለፈው ሠዓሊና ያ ጥላሸት ሲያማስል የከረመው ጸሐፊ የራሳቸውን ድርሻ በቀለም ሠርተው ሄደዋል። አሁን ቀለም የቀመሰው፣ እስክሪብቶ የያዘው፣ መዝገብ መጻፍ የሚችለው እናንተ ናችሁ።

ጥያቄዎች

1. «ቀለም» የሚለው ቃል ስንት ትርጉም አለው? ከነምሳሌው ተናገሩ።

2. ከሆሣዕና እስከ ትንሣኤ የሚታዩት ቀለሞች እነማን ናቸው? እያንዳንዱ ምን ይናገራል?

3. ጸሐፊው ሁለት ብርዕ የሚይዘው ለምንድን ነው?

4. የጓቴማላ ሰዎች የሠሩት ምንጣፍ ሲረገጥ የማያዝኑት ለምንድን ነው?

5. በአካባቢያችሁ ባለ ቤተ ክርስቲያን ምን ያህል የቆየ መጽሐፍ ወይም ሥዕል እንዳለ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። የነገሯችሁን በአምስት መስመር ጻፉ።